ከመምህር ገሠሠ ደጃፍ የቀረው ድንጋይ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሟች ልጆችና ዘመዶች፣ ከቴፒና ከማሻ ድረስ ጭቃውን ችላችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት መምህር ገሠሠ ይትባረክ በዚህ ምድር የኖሩትን ሰባ ዓመት ከአሥር ወር በአጭሩ እናነብላችኋለን። በአጭሩ የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ እሳቸው በአጭሩ የሚነገሩ ሰው አልነበሩም። ዛሬ ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ አብዛኞቻችን የማናውቀው ነገር ስላለ ጽሑፉ ከወትሮው ይረዝማል፤ እድሩ ወንበር አምጥቷልና አቅም ያነሳችሁ ተቀመጡ።

መምህር ገሠሠ ከላስታ በመንግሥት ጸሐፊነት ተመድበው ወደዚህ አገር ከመጡት ከአባታቸው ከአቶ ይትባረክ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናልሞሽ ታምሩ ጥር 21 ቀን 1947 ዓ.ም. እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ተወለዱ። አባታቸው በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖረው አንድም ቀን እንደ ነዋሪ ሆነው አያውቁም ነበር ይባላል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ከአንድ አለት ተፈልፍለው ስለወጡት የላስታ ቤተ ክርስቲያኖች ይተርኩላቸውና ወሬያቸውን ሲጨርሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «እዚህማ ምን አለ፤ ዛፍና ዝናብ ነው» ይሉ ነበር። ሕፃኑ ገሠሠም በቡናና በኮረሪማ መካከል እያደጉ ታሪክ ማለት ሩቅ አገር ያለ ነገር ነው ብለው አመኑ። ይህን እምነት ከልባቸው ለማውጣት ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደፈጀባቸው ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ፊደል ከየኔታ እግር ሥር ቆጥረው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚዛን፣ ሁለተኛ ደረጃን በቡና ጫኝ መኪና እየተሳፈሩ ጅማ ተመላልሰው ካጠናቀቁ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው በ1967 ዓ.ም. ማሻ ተመደቡ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ቴፒ ተዛውረው ሲያስተምሩ በቡና ችግኝ ጣቢያ ትሠራ የነበረችውንና የዚሁ አገር ተወላጅ የሆነችውን ወይዘሪት ወለላን አዩ። መምህር ገሠሠ ችግኝ የሚተክሉበት ጓሮ አልነበራቸውም፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ከጣቢያው ወደ ስልሳ የሚጠጋ የቡና ችግኝ ወስደው ለጎረቤት ሁሉ እንዳደሉ ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር። በ1974 ዓ.ም. በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሕዝቅያስንና ራሔልን ወልደዋል። በ1976 ዓ.ም. የታሪክ መምህር ሆነው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ፤ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየተማሩም በታሪክ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

እንግዲህ ከእኛ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከዚህ በኋላ ነው። መምህር ገሠሠ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ታሪክ አይበቃቸውም ነበር። የትምህርት ቤቱን የታሪክ ክበብ አቋቁመው፣ ወላጅን እየለመኑ፣ ሹፌርን እየተማፀኑ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የእረፍት ጊዜ ሲመጣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ከጅማ በላይ መንገድ ያላዩ ልጆች ላሊበላን፣ አክሱምን፣ የሐን፣ የጎንደርን ግንብ፣ የሐረርን ጀጎል፣ የጢያን ትክል ድንጋይ በእሳቸው እጅ ተመርተው አይተዋል። ከሚዛን ተነሥቶ ላሊበላ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅ በነበረበት ዘመን አንድም ልጅ ጠፍቶባቸው፣ አንድም ልጅ ጾሙን አድሮባቸው አያውቅም።

አብረዋቸው የሄዱ ሁሉ የማይረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። ከጥንታዊው ሥፍራ ሲደርሱ ማስታወሻ ደብተር ከማስወጣታቸው በፊት ተማሪዎቹን አሰልፈው ባርኔጣቸውን ያስወልቁና መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አስደርገው «እንደምን አደራችሁ» ያስብሏቸው ነበር። ይህን ያነጠፈ፣ ይህን የጠረበ ሰው እጁ እዚህ ነበር፤ ሰው ቤት ገብቶ ሰላም የማይል ባለጌ ነው ይሏቸው ነበር። አስጎብኚዎች ይስቁባቸው እንደነበር እናውቃለን። ዛሬ ከመካከላችሁ ፀጉራችሁ የሸበተ ተማሪዎቻቸው ይህን ስትሰሙ አንገታችሁን ስትደፉ እናያለን።

አሁን ወደ ቤታቸው ነገር እንመለስ። በ1979 ዓ.ም. መምህር ገሠሠና ወይዘሮ ወለላ በከተማው ጫፍ፣ ወደ ኮረብታው በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሲሠሩ ለመሠረቱ ድንጋይ አስፈለገ። ከኮረብታው ጫፍ በሣርና በሐረግ የተሸፈነ ትልቅ የድንጋይ ክምር ስለነበረ፣ መምህር ገሠሠ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዘው ሄደው በሁለት ቀን ውስጥ በቅሎ አስጭነው አወረዱት። ወይዘሮ ወለላ ይህን ባዩ ጊዜ «እነዚህን ተዋቸው፤ የሰው እጅ አለባቸው» አሏቸው። መምህር ገሠሠ ግን ገበሬ ማሳውን ሲመነጥር የከመረው ድንጋይ ነው ብለው በትዕግሥት አስረዷቸው፤ ማስረዳት ሙያቸው ነበረና። ቤቱ አለቀ፤ ከድንጋዮቹም ሁሉ ሰፊውና ለስላሳው የደጃፉ መርገጫ ሆነ። ወይዘሮ ወለላ ከሥራ በኋላ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቡና እየለቀሙ፣ ክር እየፈተሉ፣ ባለቤታቸው መንገድ በወጡ ጊዜም ወደ ጅማ መውጫው እያዩ ይጠብቁ እንደነበረ የመንደሩ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

በ1993 ዓ.ም. የካቲት ወር መምህር ገሠሠ ሃያ ስምንት ተማሪ ይዘው ወደ አክሱም ሲነሡ ወይዘሮ ወለላ ትንሽ ትኩሳት ነበራቸው። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሸኟቸው፤ ሂድ ያልፍልኛል አሏቸው። ትኩሳቱ ወባ ነበር፤ ወይዘሮ ወለላ በሰባተኛው ቀን አረፉ። መልእክቱ ሲደርስ መምህር ገሠሠ አክሱም ላይ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ከሐውልቱ ሥር ቆመው ይጠብቋቸዋል። ከቴሌ ቢሮ ወጥተው መጡና ሐውልቶቹ የነገሥታት መቃብር ምልክት መሆናቸውን፣ ድንጋዩ ከየት እንደተቆረጠ፣ እንዴት እንደተጓጓዘ አንድም ሳያስቀሩ አስረድተው ከጨረሱ በኋላ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ባለቤቴ ሞታለችና ወደ ቤታችን እንመለስ» አሏቸው። የሺህ ዓመት መቃብር የሚያስጎበኙት ሰው በሚስታቸው መቃብር ላይ አንድ እፍኝ አፈር አልመለሱም። ሲደርሱ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል፤ የእድራችን ሰዎች ሊያጽናኗቸው ሲሄዱ ደጃፋቸው ላይ፣ ወይዘሮ ወለላ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጡም።

ሰው ሁሉ ጉዞውን ይተዋሉ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተዉም። ልጆቹን አያታቸው ወይዘሮ ማናልሞሽ አሳደጉላቸው፤ ልጆቹም አድገው ሕዝቅያስ ሐዋሳ፣ ራሔል አዳማ ገቡ። መምህር ገሠሠ በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም በየዓመቱ ብቻቸውን አንድ ቦርሳ አንግበው ይሄዱ ነበር። የት ከርመው እንደመጡ የሚጠይቃቸው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ መንገድ በጦርነት ሲዘጋ ቦርሳው ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ እሳቸውም በስልሳ ስድስት ዓመታቸው የተወለዱበት አገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ።

በ2014 ዓ.ም. ከቴፒ ግቢ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአባቶችን ወግ ልትመዘግብ መጥታ መምህር ገሠሠን መንገድ ምሩኝ አለቻቸው። ከኮረብታው ማዶ ወደሚኖሩት የአገር ሽማግሌ ወደ አቶ ጴጥሮስ ቤት ወሰዷት። አቶ ጴጥሮስ የቤተሰባቸውን የቀብር ወግ ሲናገሩ፣ የእነሱ ታላቅ ሲሞት ለቀስተኛው ሁሉ ከወንዝ አንድ አንድ ድንጋይ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በትከሻው ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ያኖር እንደነበረ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከሟቹ ጋር እየሄደ ነውና በመንገድ ላይ ማንንም ሰላም እንደማይል፣ ስለዚህም እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ያለቀሰ ሰው እንደሆነ ነገሯት። ልጅቷ ክምሩ ዛሬ የት አለ ብላ ጠየቀች። መምህር ገሠሠ ወዲያው ገብቷቸው ነበርና ማን እንደወሰደው ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ጴጥሮስም መሬት መሬት እያዩ «እናውቃለን። የልጆቻችን አስተማሪ ስለሆነ ዝም አልን» አሉ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ብለዋል። ልጆቻቸውን በማለዳ በዚያ ቤት ደጃፍ እያሳለፉ ትምህርት ቤት ሲልኩ፣ ልጆቹ ከመምህሩ ጋር ሄደው የሌላ አገር ድንጋይ «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ፣ እነሱ ዝም ብለዋል።

መምህር ገሠሠ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ሄደው በአቶ ጴጥሮስ እግር ላይ ወደቁ። ቤተሰቡም ተሰብስቦ መክሮ፣ ካሣ አንፈልግም፣ ድንጋዮቹ እንደ መጡበት ወግ ይመለሱ አለ፤ አንድ በአንድ፣ በወንዝ ታጥበው፣ በራሳቸው ትከሻ፣ በመንገድ ላይ ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ ሥራው ሳያልቅም ለማንም ሳይወራ። መምህር ገሠሠ ተስማሙ። ከቤታቸው መሠረትና ደጃፍ የተቆጠረው ድንጋይ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነበር።

ይህን እናንተ ዛሬ ሰማችሁት፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ያየነው ሌላ ነበር። ያየነው አንድ ሽማግሌ በደህና ቀን የገዛ ቤቱን ሲያፈርስ ነው። በመጀመሪያ ሳሎኑ፣ ቀጥሎ የልጆቹ መኝታ ቤት ፈረሰ፤ ጭቃው ተነቅሎ፣ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ማለዳ ማለዳ አንድ ድንጋይ በትከሻ ወደ ወንዝ ይወርድና ከወንዝ ወደ ኮረብታ ይወጣ ነበር። እሳቸው ወደ ማድ ቤቱ ገብተው ይኖሩ ጀመር። አንዳንዱ አረጁ አለ፤ አንዳንዱ ለብዙ ዘመን ብቻውን የኖረ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው አለ። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ የከፋው ሰላምታው ነበር። ከመንገድ ማዶ ሰው አይተው ባርኔጣ የሚያነሡት መምህር ገሠሠ ድንጋይ ተሸክመው ሲያልፉ እንደምን አደሩ ላላቸው ሁሉ ቀና እንኳ ሳይሉ ማለፍ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥተው እንደ ጥንቱ ሰላም ሲሉ ደግሞ የተቀየመው ሰው ፊቱን ያዞርባቸው ነበር።

የእድራችን ጸሐፊ አንድ ቀን ድልድዩ ላይ አግኝተዋቸው፣ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ቢሉ መልስ በማጣታቸው ስምንት ወር ሙሉ ደጃፋቸውን አልረገጡም፤ በእድሩ ስም የወቀሳ ደብዳቤ የጻፉባቸውም እሳቸው ናቸው። ይህን ጽሑፍ አሁን የሚያነብላችሁ ያ ጸሐፊ ነው። ማፈሩን በሕዝብ ፊት መናገር ለሟች ከሚከፈል ሁሉ ትንሹ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ልጃቸው ሕዝቅያስ ከሐዋሳ ሲመጣ ያደገበትን ክፍል ባዶ ሜዳ ሆኖ አገኘው። የእናቴን ቤት ለምን ያፈርሳሉ ብሎ ጠየቀ፤ አባቱ ለእነ አቶ ጴጥሮስ የገቡት ቃል ስለነበረባቸው ሊነግሩት አልቻሉም። የሟች ሚስታቸውን ቤት ስለማፍረሳቸው አንድ ምክንያት እንኳ ያልሰጡት አባት ልጃቸውን እንዴት እንደሸኙ እናንተው ገምቱ። ሕዝቅያስ ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለም። አባትየው ግን ሁልጊዜ እሁድ ስልካቸውን ሞልተው፣ ከፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቁ እንደነበር ጎረቤት አይቷል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ልባቸው ደከመ። ራሔል መጥታ ጅማ ወስዳ አሳከመቻቸው፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳያነሡ ከለከላቸው። ሲመለሱ ትንንሾቹን እየመረጡ ቀጠሉ፤ በሳምንት ሁለት፣ ኋላም በሳምንት አንድ። ጳጉሜን ላይ ሦስት መቶ አሥሩ ተመልሰው አለቁ። ከቤቱ የቀረው በምሰሶ ላይ የቆመ ቆርቆሮና ከኋላው ምንም የሌለው ደጃፍ ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በፊት መምህር ገሠሠ የእድሩን ጸሐፊ አስጠርተው፣ ከአቶ ጴጥሮስ ፈቃድ ማግኘታቸውን ተናግረው፣ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወቷቸው። የደጃፉን ድንጋይ እያሳዩም እንዲህ አሉ፦ «ሌላው ሁሉ የእነ ጴጥሮስ ነበር፤ መለስኩት። ይቺ ግን የወለላም ናት። አርባ ቀን መንገድ ስሄድ አርባ ቀን እዚህች ላይ ተቀምጣለች። እንዴት አድርጌ ላንሣት?» ጸሐፊውም አብረዋቸው አለቀሱ። ሕዝቅያስም ነገሩን የሰማው ከዚያ በኋላ በስልክ ነው፤ ሊመጣ የተቆረጠው ትኬት ግን ከሞታቸው ቀን በአንድ ቀን ዘገየ። ይህን የምናነብበው ሊወቀስ አይደለም፤ አባቱም አንድ ጊዜ ዘግይተው ያውቃሉና ይህን ሕመም ከእሳቸው በላይ የሚረዳለት አልነበረም።

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ መምህር ገሠሠ ከደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳ ስለሌለ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጅማ መውጫው እንዳደረጉ አርፈው ተገኙ። ከዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከጎናቸው ባዶ ጀሪካን ነበር፤ ድንጋይዋ ዙሪያዋን በወንዝ ውኃ ታጥባ ገና አልደረቀችም።

መምህር ገሠሠ ይትባረክ ልጆቻቸውን ሕዝቅያስንና ራሔልን፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቋቸውን ተማሪዎች፣ በኮረብታው ላይ ሦስት መቶ አሥር ድንጋይ፣ በደጃፋቸው ደግሞ አንድ ድንጋይ ትተው አልፈዋል። ዛሬ በማለዳ አቶ ጴጥሮስ ከአሥራ አንድ ዘመዶቻቸው ጋር ወደዚህ ቅጥር ሲገቡ በየትከሻቸው የወንዝ ድንጋይ ነበረ፤ በር ላይ ለቆሙት የእድራችን ሰዎች ሰላም አላሉም። እኛም ዛሬ አልተቀየምንም። አባቶች ካህናት ፈቅደውልን ድንጋዮቹ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለላ ጎን በተቆፈረው መቃብራቸው ራስጌ ይኖራሉ።

መንገደኛውን ሁሉ ከድካሙ የሚያሳርፍ አምላክ የእኚህን መንገደኛ ነፍስ ተቀብሎ ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርስልን፤ ቀድማ ደርሳ ስትጠብቃቸው ከኖረችውም ጋር ያገናኝልን። ለልጆቻቸውና ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

በመጨረሻ የእድሩ ማስታወቂያ አለ። ከቀብር በኋላ ወደ ልቅሶ ቤት እንሄዳለን፤ የምንቀመጠው ምሰሶ ላይ በቆመው ቆርቆሮ ሥር ነው። ልጃቸው ሕዝቅያስ ግን ከእኛ ጋር አይቀመጥም፤ የእናቱን መቀመጫ፣ የአባቱን የመጨረሻ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ድንጋዩ ከባድ ነውና ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ብታገኙት ሰላምታችሁን አይመልስላችሁም፤ እንዳትቀየሙት።